ነፋስ ሲበረታ ትንሽ የሞተር ጀልባን ወደ ማቆሚያዋ ማስገባትና ማሰር

በወሎ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የተባለው ሐይቅ ማለዳ ውሃው የረጋ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጀልባ የያዘ ጀማሪ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀልባ የሚታሰርበትን መድረክ በእጁ ይዞ፣ ገመዱን ባወቀው ቋጠሮ አስሮ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሞቆ ነፋሱ ሲነሳ ግን ያው ሰው በያው መድረክ ላይ ይቸገራል። ጀልባዋ ወደ ጎን ትንሸራተታለች፣ የፊት ጫፏ ይዞራል፣ ረዳቱ ለመዝለል ይንጠራራል። ጣት የሚጨፈለቀውና እግር የሚሰበረው በዚህች ደቂቃ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰዓት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የሚሸከም አንድ ሐሳብ አለ። ጀልባን በነፋስ የሚይዛት ገመድ ነው እንጂ ክንድ አይደለም፤ ከገመዶቹም መጀመሪያ መታሰር ያለበት ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለው ነው። ይህን የያዘ ሰው በሐይቅ የእንጨት መድረክም ሆነ በባሕር ዳርቻ አገሮች ባሉ ማሪናዎች (የትናንሽ ጀልባዎች ማቆሚያ ወደቦች) ያለ ሁካታ ጀልባውን ያስገባል። ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጥተው በእነዚያ አገሮች በጀልባ ላይ ሥራ የሚያገኙ ወጣቶችም ስላሉ፣ ሁለቱንም ቦታዎች እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ነፋሱ ምን ያህል ይገፋል?

6 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ከውሃ በላይ ያለው ጎኗ 5 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ጎን በግምት በ8 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ይገፋዋል። ይህን ማንም ሰው በአንድ እጁ ይይዘዋል። ነፋሱ 40 ሲደርስ ግፊቱ 16 ኪሎ ሳይሆን ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ 60 ሲደርስ ደግሞ ወደ 70 ይጠጋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። በዚህ ላይ ነፋስ እኩል አይነፍስም፤ ጋብ ብሎ ድንገት ይመጣል። እርጥብ ጣውላ ላይ የቆመ ሰው መንቀሳቀስ የጀመረችን የብዙ መቶ ኪሎ ጀልባ በክንዱ አቆማለሁ ካለ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ያም ካልሆነ በጀልባዋና በመድረኩ መካከል ይያዛል።

የነፋሱን መጠን ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ የሚወዛወዝ ከሆነ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው። አቧራና ወረቀት ከመሬት የሚያነሳ ከሆነ ከ20 እስከ 28 ደርሷል። ትናንሽ ዛፎች መወዛወዝ ከጀመሩና በሐይቁ ላይ ሞገዱ ነጭ አናት ካበጀ 30ን አልፏል። ለጀማሪ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ እዚህኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ ጠባብ ማቆሚያ አይግቡ። ተራራ ወይም ዛፍ ነፋሱን ወደሚከልልበት ዳርቻ ሄደው ይጠብቁ። በሐይቅ ውሃ መካከል መልህቅ ጥዬ እጠብቃለሁ ማለት አይሠራም። ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ መልህቅ በነፋስ እንዲይዝ ደግሞ የገመዱ ርዝመት ቢያንስ ከጥልቀቱ አምስት እጥፍ መሆን አለበት።

ጀልባዋ በነፋስ ጊዜ የምታሳየው ጠባይም መታወቅ አለበት። ሞተሩ ያለው ኋላ ነው፤ ክብደቱም እዚያው ነው። የፊት ጫፏ ቀላልና ውሃ ውስጥ ብዙም ያልጠለቀ በመሆኑ ነፋስ ሲመታት መጀመሪያ የሚዞረው ፊቷ ነው። ፍጥነቷ በቀነሰ ቁጥር ይህ ይብሳል፤ ሞተሩ ካልገፋ መሪው ምንም አይሠራምና። በኋላ ማርሽ ሲሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ኋላዋን እየሳበ ነፋሱ ፊቷን ወደ ሌላው ወገን ስለሚገፋው ኋላዋ በራሱ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ይህ ጠባይ ወደፊት በጣም ይጠቅመናል።

በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 ከመቶ ያጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 25 የፈረስ ጉልበት የሚለው ሞተር እዚህ ከ20 ብዙም አይበልጥም። በኋላ ማርሽ ደግሞ ፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው) ከዚያም ያነሰ ይጎትታል፤ ቅጠሎቹ የተቀረጹት ወደ ፊት ለመግፋት ነውና። በባሕር ወለል ከፍታ የሠራ ሰው እዚህ መጥቶ በመጨረሻዋ ሰከንድ በኋላ ማርሽ አቆማታለሁ ቢል መድረኩን ይገጨዋል።

ገመድና መከላከያ

ገበያ ላይ ሁሉም የፕላስቲክ ገመድ ናይለን ተብሎ ይሸጣል፤ ሁሉም ግን ናይለን አይደለም። ቁራጭ ወስደው ውሃ ውስጥ ይጣሉት፤ እውነተኛ ናይለን ይሰጥማል። የሚንሳፈፈውና የሚያንሸራትተው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ቋጠሮም በደንብ አይዝም። ናይለን ይመረጣል፤ ሲሳብ ይለጠጣልና፤ ድንገተኛው የነፋስ ግፊት በማሰሪያው ብረት ላይ በአንድ ጊዜ አያርፍም። ለ6 ሜትር ጀልባ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቃጫና ሲባጎ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

አራት ገመድ ያዘጋጁ፤ ሁሉም ቢያንስ የጀልባዋን ያህል ርዝመት ይኑራቸው። በእያንዳንዱ ገመድ አንድ ጫፍ ላይ ሲሳብ የማይጠብቅ ቀለበት ይሥሩ። ሸምቀቆ አይሁን፤ ሸምቀቆ ጭነት ከያዘ በኋላ በቢላ ካልሆነ አይፈታም። አምስተኛ ገመድ ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ለጎን መከላከያ አየር የሚሞላው ትራስ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ አሮጌ የመኪና ጎማ በመድረኩ ላይ ይሰቀላል፤ ውሃ እንዳይቋጥር ታችኛው በኩል ይበሳ። በጀልባዋ ጎን ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ማንጠልጠል ለቀላል ጀልባ ይሠራል። ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከወገቧ ትንሽ ወደ ፊት፣ ጎኗ በጣም በሚሰፋበት ቦታ መሆን አለበት። ጫፉ መንጠቆ ያለው ረጅም ዘንግም ይያዝ። ሁሉም ሰው ተንሳፋፊ ሰደርያ ይልበስ፤ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ በእጁ አንጓ ወይም በእግሩ ላይ ይሰር።

ከመግባት በፊት መቆም

ከመድረኩ 50 ሜትር ያህል ርቀው ማርሹን ነጻ ያድርጉትና ጀልባዋን ይተዉአት። ወዴት ነው የምትሄደው? በምን ያህል ፍጥነት? በዚህች ግማሽ ደቂቃ የሚገኘውን ዕውቀት ሌላ ነገር አይሰጥም። ባንዲራ ወይም ጭስ ካለ ይመልከቱ፤ በዳርቻው ያለው ፊላ ወዴት እንደተጋደመም ይዩ። መድረኩ አጠገብ ያለው ነፋስ በውሃው መካከል ካለው ሊለይ ይችላል፤ ቤትና ኮረብታ ያዞሩታል።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ይወስኑ፤ በየትኛው ጎን እንደሚያስጠጉ፣ መጀመሪያ የሚታሰረው ገመድ የትኛው እንደሆነ፣ ነገሩ ካልተሳካ በየት በኩል እንደሚወጡ። ሐረጎን የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ማርሹን የሚመርጠው ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው፤ እዚህም እንዲሁ ነው። ውሳኔውን ለረዳቱ ጮክ ብለው ይንገሩት፤ እርሱም መልሶ ይንገርዎ። በነፋስ ውስጥ ቃል ስለሚጠፋ ምልክት ይስማሙ፤ እጅ ወደ ላይ ከሆነ ገመዱ ታስሯል፣ ሁለት እጅ ተጠላልፎ ከታየ ተወው እንውጣ።

ገመዱ በዚህ ጊዜ ተፍታቶ፣ በጀልባዋ ጠርዝ ካለው የአጥር ብረት ውጭ አልፎ ዝግጁ መሆን አለበት። በአጥሩ ውስጥ ያለፈ ገመድ ሲሳብ አጥሩን ያጎብጠዋል።

ነፋሱ ከፊት ሲሆን

ይህ ቀላሉ ነው። ነፋሱ ራሱ ያቆማታል። በዝግታ ቀጥ ብለው ይግቡ፤ ፊቷ እንዳይዞር ማርሹን አልፎ አልፎ ወደ ፊት ያስገቡ፤ መጀመሪያ የፊት ገመድ ይታሰር።

ነፋሱ ከኋላ ሲሆን

እዚህ የሚያስፈራው ፍጥነቱ ነው። ጀልባ ፍሬን የላትም፣ ነፋሱም ሳይጠየቅ ይገፋል። ገና ከሩቅ ማርሹን ወደ ኋላ ያስገቡና ሞተሩ ወደ ኋላ እየሳበ ነፋሱ ወደ ፊት ይውሰዳት። ቀደም ብለን እንዳየነው ኋላዋ ወደ ነፋሱ መዞር ስለሚወድ በዚህ አኳኋን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ እርስዎም ፍጥነቷን በነዳጁ ብቻ ይቆጣጠራሉ። መጀመሪያ የሚታሰረው የኋላ ገመድ ነው፤ እርሱ ከተያዘ ፊቷ መድረኩን አይመታም።

ነፋሱ ከጎን ሲሆን

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ነፋሱ ጀልባዋን ወደ መድረኩ የሚገፋ ከሆነ ከመድረኩ አንድ ሜትር ያህል ርቀው፣ ጎን ለጎን ሆነው ይቁሙ፤ የቀረውን ነፋሱ ይሠራዋል። መከላከያዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን ብቻ ያረጋግጡ። ፊቷ ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል ከነፋሱ አንጻር ፊቷን ትንሽ ወደ ውጭ አዙረው ያቁሟት።

ነፋሱ ከመድረኩ ወደ ውሃው የሚገፋ ከሆነ ግን ቀስ ብሎ ጎን ለጎን መጠጋት አይቻልም፤ ገመዱ ሳይደርስ ጀልባዋ ትርቃለች። መፍትሔው የወገብ ገመድ ነው። መድረኩ በግራዎ ነው እንበል። በጀልባዋ ወገብ ላይ ካለው ማሰሪያ ላይ አንዱን ጫፍ አጥብቀው ያስሩ፤ ባለ ቀለበቱን ጫፍ ረዳቱ በእጁ ይያዝ። ከዚያ በ30 ወይም በ40 ዲግሪ ያህል ሰያፍ ሆነው ወደ መድረኩ ይምጡ፤ ፊቷ በከፊል ነፋሱን ይቁረጥ። ፍጥነቱ መድረኩን ቢነኩ የማይጎዳ፣ ነገር ግን መሪው የሚታዘዝበት ይሁን። ማርሹን አስገብተው ጥቂት ይግፉ፣ ነጻ ያድርጉ፣ እንደገና ይግፉ። ሳያቋርጡ ነዳጅ መስጠት አይሆንም።

ፊቷ አንድ ሜትር ያህል ሲቀራት ማርሹ ነጻ ሆኖ እያለ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ መድረኩ ያዙሩ፤ ከዚያ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብተው አጭርና ጠንካራ ግፊት ይስጡ። ይህች አንዲት ግፊት ጀልባዋን ታቆማለች፣ ኋላዋንም ወደ መድረኩ ትስባለች። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ መሪ፣ ቀጥሎ ነዳጅ። መሪ ክብ ሳይሆን በእጀታ የሚዞር ሞተር ከሆነ እጀታው የሚገፋው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን አይርሱ።

ረዳቱ አሁን ቀለበቱን ከወገቧ ወደ ኋላ በኩል ባለ ችካል ወይም ማሰሪያ ብረት ላይ ያጠልቃል። አይዘልም፤ ቆሞ ያጠልቃል ወይም በዘንጉ ያስገባል። ገመዱ አጭር ይሁን። ከዚያ ነጂው መሪውን ከመድረኩ ተቃራኒ ትንሽ አዙሮ ማርሹን ወደ ፊት ያስገባል፣ በዝቅተኛው ነዳጅ። ጀልባዋ ወደ ፊት ልትሄድ ስትል ገመዱ ይይዛታል፤ መሄድ ስላልቻለች ጎኗ መድረኩ ላይ ይለጠፋል። ነፋሱ የፈለገውን ቢገፋ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ላይ እስካለ ድረስ ንቅንቅ አትልም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሁሉ ይገረማል፤ ሦስት ሰው ሊይዛት ያልቻለችው ጀልባ በአንድ ገመድ ቆማለች። ከዚህ በኋላ ጥድፊያ የለም። የፊትና የኋላ ገመድ እስኪታሰር ድረስ ማርሹን አያውጡ።

በማሪና ውስጥ ማቆሚያዎቹ በጠባብ ተንሳፋፊ መድረኮች ወይም በውሃ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች የተከፋፈሉ ናቸው፤ ጎረቤት ጀልባም አለ። በመተላለፊያው ሲሄዱ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ተጠግተው ይሂዱ፤ የሚንሸራተቱበት ቦታ እንዲኖርዎ ነው። ምሰሶ ካለ ሲያልፉ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ባለው ምሰሶ ላይ ገመድ ያጥልቁ። ሌላኛው ወገን ቆይቶ ይታሰራል፤ ነፋሱ እስካለ ድረስ የዚያኛው ወገን ገመድ ልል ሆኖ ነው የሚውለው።

የመጣ ሰው ሁሉ ሲሳብ

የወሎ ሰው የተቸገረ አይቶ ዝም አይልም። ጀልባ በነፋስ ስትታገል ካየ ሮጦ ይመጣል፣ ገመድ ይቀበላል፣ ባለ በሌለ ኃይሉም ይስባል። ይህ ደግነት ብዙ ጊዜ ያስመታል፤ የፊት ገመድ በኃይል ሲሳብ ፊቷ መድረኩን ትገጫለች፣ ኋላዋም ወደ ውጭ ይወጣል። ገመዱን ከመወርወርዎ በፊት በትሕትና ይንገሩ፤ «ወንድሜ፣ አትሳበው፤ ችካሉ ላይ አንድ ዙር ብቻ አድርግልኝ።» በዕድሜ የገፉ ከሆኑ፣ «አባባ፣ እባክዎ አይሳቡት፤ ቀለበቱን እዚያች ላይ ብቻ ያጥልቁልኝ።» ቀለበት ያለው ጫፍ ሁልጊዜ ለመድረኩ ሰው ይሰጥ፤ ርዝመቱን የሚቆጣጠረው ጀልባዋ ላይ ያለው ረዳት ነው።

ካልተሳካ

የመጀመሪያው ገመድ ሳይያዝ ፊቷ ከእጅዎ ከወጣ ለማስተካከል አይታገሉ። ቶሎ በኋላ ማርሽ ይውጡ፤ ኋላዋ ወደ ነፋሱ ስለሚዞር ቀጥ ብለው ለመውጣት ይቀላል። ወጥተው እንደገና ይጀምሩ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሦስተኛው ላይ በሰላም የሚገባ ነጂ ጎበዝ ነጂ ነው። እግርዎን ወይም እጅዎን በጀልባዋና በመድረኩ መካከል በምንም ምክንያት አያስገቡ። የጀልባዋ ፋይበር ይጠገናል።

አስተሳሰሩ

ባለ ሁለት ቀንድ ማሰሪያ ብረት ላይ መጀመሪያ ከሥሩ አንድ ሙሉ ዙር ይደረጋል። ጭነቱን የሚይዘው ይህ ዙር ነው፤ ይህን ዘሎ በቀንዶቹ ላይ ብቻ የሚጠላለፍ ሰው ገመዱ ሲጠብቅ ሊፈታው አይችልም። ቀጥሎ ከቀንድ ቀንድ አንዴ ወይም ሁለቴ ያጠላልፉ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ገልብጠው ይቆልፉ። ከዚያ በላይ መደራረብ ጥቅም የለውም። ችካል ላይ ሲሆን ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ጠምጥመው በራሱ ገመድ ላይ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ያድርጉ፤ ነፋሱ ቢስበውም ይፈታል።

የፊትና የኋላ ገመድ ጀልባዋ ከመድረኩ እንዳትርቅ ያደርጋሉ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳትመላለስ የሚከለክሏት ግን ሁለቱ ሰያፍ ገመዶች ናቸው፤ አንዱ ከፊቷ ተነስቶ ወደ ኋላ ባለ ችካል፣ ሌላው ከኋላዋ ተነስቶ ወደ ፊት ባለ ችካል ይታሰራል። ብዙ ሰው እነዚህን ይተዋል። ከዚያ በማግስቱ መከላከያው ተንሸራቶ ጎኗ ተፍቆ ያገኘዋል። ገመዱ በጠርዝ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከአሮጌ የውሃ ቱቦ አንድ ስንዝር ቆርጠው ያልብሱት፤ ነፋሻ ሌሊት ናይለንን በጠርዝ ላይ አኝኮ ይበጥሰዋል።

ጀልባዋ የምታድር ከሆነ ፊቷን ሞገዱ ወደሚመጣበት አድርገው ማሰር ይሻላል። ትንሽ ጀልባ ዝቅ የምትለው ሞተሩ ባለበት በኋላዋ ነው፤ የሐይቅ ሞገድ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍት ውሃ አቋርጦ ሲመጣ በዚያ በኩል ተሻግሮ ሊገባ ይችላል። ሞተሩን ከውሃ ያንሱት፣ የነዳጁን መስመር ይዝጉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ገመዶቹን ይዩ፤ ናይለን ሲረጥብና ሲሳብ ስለሚለጠጥ ልል ሆኖ ይገኛል፤ ያጥብቁት። መድረኩ የማይንሳፈፍ ከሆነና ጀልባዋ ለሳምንታት የምትቆይ ከሆነ የውሃው ከፍታ በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ የገመዱ ርዝመት በየጊዜው ይስተካከል። በክረምት በላይዋ ሸራ ይጣልባት፣ በየጥቂት ቀኑም የዝናቡ ውሃ ይቀዳላት።